እግሩ የት እንደቀረ “ማስረጃ አምጣ” የተባለ ወታደር

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። እኛ አርባ ምንጮች ግን ዘንድሮ መስከረም ከጠባ በኋላም ጉድ መስማታችንን አላቆምንም።

ሰሞኑን ሲቀላ ከሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ቆመናል፤ እኔ፣ ጎረቤቴ አሥር አለቃ እና በፌስታል የታጨቀ ወረቀታቸው። (የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጠውን ልጅ ማስቀየም አልፈልግም፤ ደግሞም በሽታው የአንድ መስኮት በሽታ አይደለም።) ልጁ ጨዋ ነው። ተነስቶ ነው ያናገራቸው።

“አባባ፣ እግርዎ መቆረጡንማ እናያለን። ጦር ሜዳ ላይ ለመቆረጡ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል።”

“ታዲያ የት የተቆረጠ ይመስልሃል ልጄ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ? የመኪና አደጋ ሊሆን ይችላል። ስኳር በሽታም እግር ያስቆርጣል።”

አሥር አለቃው ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ጠጋ አሉና፣ “አፋቤት ላይ ስኳር ከየት መጥቶ ልጄ? እኛ ሻዩንም በመራራው ነበር የምንጠጣው” አሉት። ሰልፍ የያዘው ሰው ሁሉ ሳቀ። ልጁም ሳቀ። ከሳቁ በኋላ የተሰጣቸው መልስ ግን ያው ነበር፤ “ማስረጃ ይዘው ይምጡ።”

እንግዲህ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ ያ ሳቅ ነው። ሰው በገዛ እግሩ ጉዳይ ተስቆበት ባዶ እጁን ሲመለስ ማየት ደስ አይልም። ደግሞ እኔም ነገሩ ውስጥ አለሁበት። ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። “ዲፕሎማ አለህ፤ ጋዜጣ ላይም ትጽፋለህ፤ አሳምረህ ጻፍልኝ” ብለውኝ፣ አሳምሬ ጻፍኩ። ማሳመሩ ምንም አልፈየደም።

የአሥር አለቃው ታሪክ አጭር ነው። የጋሞ ደጋ ልጅ ናቸው። በ1972 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመታቸው መደበኛ ጦር ውስጥ ገቡ። ሰሜን ዘመቱ። መጋቢት 1980 ዓ.ም. ናደው እዝ አፋቤት ላይ ሲመታ እሳቸው እዚያው ነበሩ። ፈንጂ ረገጡ። ጓደኞቻቸው እየተፈራረቁ ተሸክመው ወደ ከረን አደረሷቸው፤ ከዚያ አስመራ፣ ሆስፒታል። እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ከዚያ ደብረ ዘይት፣ ጀግኖች አምባ ገቡና ሰው ሠራሽ እግር ተሠራላቸው። እዚያው ሳሉ ግንቦት 1983 ዓ.ም. መጣ። መንግሥት ወደቀ፤ ሠራዊቱ ተበተነ። ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የሚሆን ሰው ከወታደርነት ተነስቶ “የቀድሞ ሠራዊት አባል” የሚባል አዲስ ስም ወጣለት። የቀድሞ ሠራዊት አባላትና የጦር ጉዳተኞች ማቋቋሚያ ኮሚሽን የሚባል ተቋቋመና መዘገባቸው፤ ካርድ ሰጣቸው፤ ወደ አገራቸው ሸኛቸው። ካርዱን የጭቃ ቤታቸው ግድግዳ ውስጥ ደብቀውት ምስጥ በላው። ሽራፊዋ ፌስታሉ ውስጥ አለች። ፎቶግራፉ ላይ ግማሽ ፊት ይታያል።

“ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ይሠሩ ነበር?” የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጫማ ሲሰፉ፣ የሰው መጋዘን ሲጠብቁ ኖረዋል። ጥያቄውንም ዛሬ አይደለም የጀመሩት። በ1986 ዓ.ም. አንድ ጊዜ ጠይቀው ነበር። በዚያን ዘመን “የደርግ ወታደር ነበርኩ” ብሎ መስኮት ፊት መቆም ራሱ ምን ያህል ልብ እንደሚጠይቅ የዘመኑ ሰው ያውቀዋል። “ጨፍጫፊ” እየተባሉ ነው የተመለሱት። አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ በክራንች ላይ ተደግፎ፣ የተቀዳደደ ካፖርት ለብሶ እጁን የሚዘረጋ ወታደር የምናየው ያኔ ነበር። ከዚያ ግንቦት 1990 ዓ.ም. መጣና የባድመ ጦርነት ሲፈነዳ ያው “ጨፍጫፊ” የተባለው ወታደር እንደገና ጥሩምባ ተነፋለት! የአሥር አለቃው ጓደኞች ሁለት እግር ያላቸው ሄዱ። እሳቸው በ1992 ዓ.ም. “እንግዲህ እኛም ሰው ሆነናል” ብለው ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቁ። መልሱ “ፋይልዎን አምጡ” ነበር። ዘንድሮ ሦስተኛቸው ነው። ዕድሜያቸው ስድሳን አልፏል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ኧረ ለመሆኑ ይህ “ማስረጃ” የሚባለው ነገር የማን ነው?

ሲቀጠሩ ቅጹን የሞላው መንግሥት ነው። መለያ ቁጥር የሰጣቸው መንግሥት ነው። የደመወዝ መዝገቡን የያዘው፣ የክፍለ ጦሩን ስም ዝርዝር የጻፈው፣ የሆስፒታሉን ካርድ የከፈተው፣ ደብረ ዘይት ላይ እግራቸውን ለክቶ የሠራላቸው፣ በ1983 ዓ.ም. መዝግቦ የሸኛቸው ሁሉ መንግሥት ነው። አሥር አለቃው ከዚህ ውስጥ አንዷን ወረቀት አልጻፉም፤ አንዷንም እንዲያስቀምጡ አልተሰጣቸውም፤ ከአንዲት ካርድ በቀር። የክፍላቸው ወረቀት ጠላት እጅ በወደቀ ካምፕ ውስጥ ቀረ። የሆስፒታል ካርዳቸው አስመራ ቀረ፤ አስመራ ደግሞ ዛሬ ሌላ አገር ናት። ታዲያ አንድ እግር ያላቸው ሽማግሌ ድንበር ተሻግረው ካርድ ይዘው ይምጡ? ወይስ አፋቤት ወርደው አመዱን ይቆፍሩ? የአብዬን ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሉሻል ይህ ነው!

ሕጉ ራሱ እንኳ እንዲህ አይልም። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714 የሠራተኛውን መረጃ አጠናቅሮ የመያዝና ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ የማስተላለፉን ግዴታ የጫነው በአሠሪው መሥሪያ ቤት ላይ ነው። ወታደር ማለት ደግሞ አሠሪው መንግሥት የሆነ ሰው ነው። አሠሪው ግዴታውን ሳይወጣ ቢቀር የሚቀጣው ሠራተኛው ነው የሚል አንቀጽ እኔ አላየሁም። በተግባር ግን የሚሠራው ያ ያልተጻፈው አንቀጽ ነው።

የሰው አገር ልጥቀስ። በ1965 ዓ.ም. ክረምት፣ በፈረንጆቹ ሐምሌ 1973፣ አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ከተማ የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጠለ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርስ የወታደር ፋይል አመድ ሆነ። እኛ አፋቤት ላይ ያጣነው ከዚያ ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ታዲያ አሜሪካኖቹ ምን አሉ? “ፋይሉ እኛ እጅ ሳለ ነው የጠፋው፤ ስለዚህ ይበልጥ የመርዳት ግዴታ አለብን” አሉ። አብረውት የዘመቱ ሰዎች የሚሰጡትን የምስክርነት ቃል፣ የደመወዝ ወረቀት፣ ለቤተሰቡ የጻፈውን ደብዳቤ ሳይቀር በምትክነት ያያሉ። ከዚያም በላይ በሕጋቸው የተጻፈ አንድ ነገር አለ፤ ለወታደሩ የሚመሰክረውና የሚቃወመው ማስረጃ ሚዛን ላይ እኩል ከሆነ፣ ጥርጣሬው ለወታደሩ ይጠቅማል። አሜሪካ ገነት ናት እያልኩ አይደለም። እዚያም ይግባኝ ዓመታት ይፈጃል፤ እዚያም ድልድይ ሥር የሚያድር ዘማች አለ። ግን ጥርጣሬው የማን እንደሆነ ተጽፏል። እኛ ጋ ጥርጣሬው የመስኮቱ ነው።

ከአሥር አለቃው ጎን ሰልፍ ላይ የቆመ አንድ ልጅ ነበር። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ሲስቅ ሰማሁትና “አንተስ በምን መጣህ?” አልኩት። ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ አሳየኝ። ቀኝ እግሩ ከቁርጭምጭሚት በላይ የለም። የዶርዜ ልጅ ነው። ውትድርና ከመግባቱ በፊት ከአጎቱ ጋር አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ ሲሸምን ነበር። ጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ብዙም ሳይገፋ፣ በዚያው ዓመት ቆሰለ። የእሱ ፋይል አልጠፋም! ሁሉ ነገር አለው፤ ማኅተሙ፣ የሕክምና ቦርዱ ውሳኔ፣ መቶኛው። “ታዲያ ምን ጎደለህ?” ስለው፣ “ወንድሜ፣ ወረቀቱ ሙሉ ነው፤ ሂሳቡ ነው የጎደለው” አለኝ።

ሂሳቡን ላስረዳ፤ ብዙ ወታደር ፈርሞ ከወጣ በኋላ ነውና የሚገባው። ልጁ ሲቆስል ይሠራ የነበረው ያው አዋጅ 714 ነው (በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 ተተክቷል)። በዚያ አዋጅ መሠረት በሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ሁለት ዕጣ አለው። በጉዳቱ ምክንያት መሥራት አይችልም ተብሎ ከተሰናበተ፣ ከመጎዳቱ በፊት ያገኝ የነበረውን ደመወዝ 47 በመቶ በየወሩ፣ ዕድሜ ልኩን ያገኛል። የአገልግሎት ዘመን አይጠየቅም። ጉዳቱ ከ10 በመቶ ያላነሰ ሆኖ “መሥራት ግን ይችላል” ከተባለ ደግሞ ዳረጎት ይባላል፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎት ያበቃል። የዳረጎቱ ስሌት የደመወዙ 47 በመቶ ሲባዛ በ60 ወር፣ ሲባዛ በጉዳቱ መቶኛ ነው።

ለምሳሌ ያህል ደመወዙ 4 ሺሕ ብር ነበር እንበል። 47 በመቶው 1,880 ብር ነው። አይችልም ከተባለ ይህንን በየወሩ ይቀበላል። ይችላል ተብሎ ጉዳቱ 40 በመቶ ከተባለ ግን 1,880 በ60፣ ከዚያም በ40 በመቶ ተባዝቶ 45,120 ብር ይሰጠዋል። ደህና ሰንብት! ይህ ገንዘብ በወር ሲመነዘር የ24 ወር አበል ነው። ከ24 ወር በኋላስ? እግሩ ይበቅላል ማለት ነው?

እንግዲህ “ይችላል” እና “አይችልም” በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል የአንድ ሰው ዕድሜ ተንጠልጥሏል። ቦርዱ ይችላል ያለው ምን መሥራት ይችላል ብሎ ነው? የዶርዜን ሸማኔ ሲሠራ ያየ ሰው ያውቃል። ሸማኔ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሮቹን ወደ ታች ሰዶ፣ መርገጫውን በባዶ እግሩ ጣቶች እየያዘ ነው ድሩን የሚከፍትና የሚዘጋው። እጁ መወርወሪያውን ይወረውራል፤ ሸማውን የሚሸምነው ግን እግሩ ነው ማለት ይቻላል። ለቢሮ ጸሐፊ አንድ የእግር መዳፍ ማጣትና ለሸማኔ ማጣት አንድ መቶኛ ነው? “ለቦርዱ ነገርኳቸው” አለኝ ልጁ፣ “ተቀምጠህ ነው አይደል የምትሸምነው? ታዲያ ምን ቸገረህ? አሉኝ።” እኔ ሐኪም ንቄ አይደለም። ሐኪም አጥንት ያውቃል። የጉድጓዱን ነገር ግን ሸማኔ መጠየቅ ነበረበት።

ይግባኝ አትልም ወይ አልኩት። ሳቀ፤ የዚያ ሰልፍ ሰው ሁሉ ሳቂታ ነው።

በወረቀት ላይ ይግባኝ አለ። የጡረታ መሥሪያ ቤቱ ውሳኔ ቅር ያሰኘው ሰው የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ዘንድ ያቀርባል። ጉባኤው መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ፈጽሟል የሚል ደግሞ ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤት ይላል። ሲነበብ ያምራል። አሁን አንድ እግር ይዘን እንራመደው።

በመጀመሪያ ጉባኤው መቀመጫው አዲስ አበባ ነው። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከካምባ ወይም ከቦንኬ ለሚመጣ ደግሞ አርባ ምንጭ ራሷ ሩቅ አገር ናት። አካል ጉዳተኛ ብቻውን አይሄድም፤ ስለዚህ ትኬቱ ሁለት ነው፤ መኝታውም የሁለት ሰው ነው። ቀጠሮ ደግሞ እንደምታውቁት ቀጠሮ ይወልዳል። 45 ሺሕ ብር ለማስጨመር 45 ሺሕ ብር የጨረሰ ሰው ብትሰሙ አይግረማችሁ። የሚገርመው ሌላ ነው። ሰው ሠራሽ እግር ዛሬ እዚሁ አርባ ምንጭ ይሠራል፤ ዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ሲደግፈው የኖረ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ፤ የአሥር አለቃው የአሁኑ እግርም የእነሱ ሥራ ነው፤ እግዜር ይስጣቸው። እግሩ አርባ ምንጭ ይሠራል፤ የእግሩ ፍርድ ግን አዲስ አበባ ነው የሚሠራው!

ሁለተኛ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሚያየው የሕግ ስሕተት ብቻ ነው። የልጁ ጥያቄ ግን የመቶኛና የ“ይችላል አይችልም” ጥያቄ ነው፤ ይህ ደግሞ “የፍሬ ነገር ጉዳይ ነው” ተብሎ ጉባኤው ላይ ሊያበቃ ይችላል። ጉባኤውም መልሶ የሚመለከተው ያንኑ የቦርድ ወረቀት ነው። ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋው ነው፤ በደንብ አንብቡልኝ። አሥር አለቃው ሦስት ጊዜ ሲከለከሉ አንድም ጊዜ በጽሑፍ አልተከለከሉም። “ማስረጃ ይዘው ይምጡ” መልስ አይደለም፤ ውሳኔም አይደለም፤ በቃል የሚነገር ደህና ዋሉ ነው። ይግባኝ የሚባለው ደግሞ በውሳኔ ላይ ነው። ውሳኔ ከሌለ ይግባኝ የለም። እኚህ ሰው ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ሲመላለሱ በሕግ ዓይን ገና አልተከለከሉም! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ እባካችሁ መስኮት ላይ በቃል አትመለሱ። ማመልከቻችሁን በሁለት ኮፒ አድርጉ፤ አንዱን መዝገብ ቤት አስገቡ፤ በሌላው ላይ ቀንና የገቢ ቁጥር አስጽፉ፤ ዋናውን ሰነድ በፍጹም አትስጡ። ካልተቀበላችሁኝ ያልተቀበላችሁበትን ምክንያት በደብዳቤ ስጡኝ በሉ። ይህ ልመና አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 መሥሪያ ቤት ውሳኔውን ምክንያቱን ጠቅሶ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል። ያቺ ደብዳቤ በእጃችሁ ከገባች የይግባኙ ቀን መቁጠር ይጀምራልና አትተኙ፤ ዳረጎት ስትቀበሉም ከመፈረማችሁ በፊት መቶኛውን ሰው ያስነብባችሁ። መዝገብ ቤቱ ማመልከቻውን አልቀበልም ካለ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። (እንባውን ይጠብቃል እንጂ ያብሳል አላልኩም።)

በእኛ አገር፣ በጋሞ፣ ዱቡሻ የሚባል ነገር አለ። ተበድያለሁ የሚል ሰው በሽማግሌዎችና በአገሩ ሰው ፊት ይቆማል፤ ቆሞ ይናገራል፤ የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። ዋሽቶ የሚመሰክር ጎሜ ይሆንበታል፤ ጎሜ ደግሞ ከልጅ እስከ ከብት የሚከተል ነገር ነው። ያ ሸንጎ አንድ ነገር አያደርግም፤ “ወረቀትህን እኔ ስላጠፋሁት አንተ ጥፋተኛ ነህ” አይልም። አሥር አለቃውን የተሸከሟቸው ጓደኞች ሁለቱ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ አንዱ ጨንቻ ናቸው። ሲዘምቱ የሸኟቸው፣ በአንድ እግር ሲመለሱ የተቀበሏቸው ሰዎች አሉ። ጭናቸው ውስጥ የፈንጂ ስብርባሪ አለ፤ ራጅ ቢነሱ ይታያል። ስኳር በሽታ ጭን ውስጥ ብረት አይተውም! የሕክምና ቦርድ ይህን ማየት አይችልም? ምስክር ማስማል አይቻልም? ሰው በምስክር ቤቱን በሚያጣበትና እስር ቤት በሚገባበት አገር፣ በምስክር ጡረታ ማግኘት ለምን ነውር ሆነ?

አዎን፣ የሚነሳውን መልስ አውቃለሁ። “በር ከከፈትን አስመሳዩ ይጎርፋል” ይባላል። እውነት ነው፤ አስመሳይ አለ። ወታደር ሳይሆን የወታደር ካፖርት ገዝቶ የሚለምን በዓይኔ አይቻለሁ። አሥር አለቃውም ያውቃሉ፤ “የክፍለ ጦሩን አዛዥ ስም ጠይቀው፣ ዓይኑ ይቅበዘበዛል” ይሉኛል። ይኸው መድኃኒቱ! አስመሳይን የሚለየው ጠያቂ ነው። አሁን ያለው አሠራር ግን አስመሳዩን አይለይም፤ እንዲያውም ፎርጅድ ማኅተም ማሠራት የሚችለው አስመሳይ ያልፋል፤ ምስጥ የበላውን ካርድ በታማኝነት ይዞ የመጣው ይመለሳል።

ሁለተኛው መልስ በጀት ነው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እላለሁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካል ጉዳተኞችን እንደሚያቋቁምና እንደሚረዳ ጽፏል። “አቅም በፈቀደ” የተባለው ግን ለእርዳታ ነው። ጡረታ እርዳታ አይደለም። ከወታደሩ ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፤ መንግሥት በሲቪሉ ላይ 11 በመቶ ሲያዋጣ በወታደሩ ላይ 25 በመቶ እንዲያዋጣ አዋጅ 714 ደንግጓል። ለምን ይመስላችኋል ይህ ልዩነት? ወታደር ለአደጋ ቅርብ መሆኑን ሕግ አውጪው አስቀድሞ ስላወቀ ነው። አደጋው ሲደርስ ታዲያ እንደ አዲስ ነገር መደንገጥ ምን ይባላል?

በየዓመቱ ጥቅምት 15 የሠራዊት ቀን ይከበራል። ሰልፍ አለ፣ ማርሽ አለ፣ “ጀግናው ሠራዊታችን” አለ። አልቃወምም፤ ማርሹ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ሦስት መንግሥት ያየ አንድ ነገር ይታዘባል። አንዱ መንግሥት የሌላውን ወታደር አይወድም፤ ሲቸግረው ግን ይጠራዋል፤ ሲያልፍለት ደግሞ ኮሚሽን ያቋቁምለታል። በ1983 ዓ.ም. አንድ ኮሚሽን ነበር። ከኤርትራው ጦርነት በኋላ በ1993 ዓ.ም. በዓለም ባንክ 170 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብድር 150 ሺሕ የሚጠጋ ወታደር የተቀነሰበት ሌላ ፕሮግራም ነበር። ኅዳር 2015 ዓ.ም. ከፕሪቶሪያው ስምምነት ወዲህ ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ አስመልሳለሁ ያለው 371,971 የቀድሞ ተዋጊ ነው። ከየትኛውም ወገን ይሁኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ እግር የሌለው፣ ዓይን የሌለው ስንት አለ? የእነሱ ካርድ የት ይቀመጣል? ኮሚሽን ሥራውን ሲጨርስ ይዘጋል። መዝገቡን ማን ይረከባል? ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሌላ ጨዋ ልጅ ሌላ መስኮት ውስጥ ቆሞ “ስኳር በሽታም እግር ያስቆርጣል” እንዳይላቸው ዛሬ ምን ተደርጓል?

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የጠፋው ፋይል በመንግሥት እጅ ሳለ ከጠፋ፣ በመሐላ የተደገፈ ምስክርና የሐኪም ምርመራ በምትኩ ይያዝ። የሕክምና ቦርድ “መሥራት ይችላል” ሲል ምን ሥራ እንደሆነ ይጻፍ። ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ በዓመት ጥቂት ቀን እንኳ ወደ ክፍለ አገሩ ወርዶ ያስችል፤ እግር ያለው ዳኛ እግር ወደሌለው ባለጉዳይ ይሂድ እንጂ!

ትናንት ማታ አሥር አለቃው ቤት ሄድኩ። አዲስ ማመልከቻ ጻፍን፤ ዘንድሮ ያላሳመርነው፣ ቀንና ቁጥር ብቻ የያዘ። የመጨረሻው መስመር “ካልተቀበላችሁኝ ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡኝ” ይላል። ጨንቻ ያሉት ጓደኛቸው ሰኞ በመጀመሪያው መኪና ይወርዳሉ። የዶርዜው ልጅም የቦርዱን ወረቀት ኮፒ አድርጎ ይመጣል። መስኮቱ በሁለት ሰዓት ተኩል ነው የሚከፈተው። አሥር አለቃው ግን “በአሥራ ሁለት ሰዓት እንውጣ፤ እኔ ቀስ እላለሁ” ብለውኛል።